ከፕሮግራም ቋንቋዎች የትኛው ይሻላል?



«ከፕሮግራም ቋንቋዎች የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል። መልሱ በሥራው ዓይነት የሚወሰን ነውና ዛሬ «ደብረ ማርቆስ» በሚለው በከተማችን ስም እንመዝናቸው። ፊደላቱ 7፣ በመካከል ያለው ክፍት ቦታ ሲታከል 8 ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ገደማ የተፈጠረው ሲ ለኮምፒውተሩ አካል እጅግ የቀረበ፣ ፈጣንና ቆጣቢ ነው። ነገር ግን የሚቆጥረው ፊደልን ሳይሆን ባይትን ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ስሙን 22 ይለዋል። ለስም 20 ባይት ብቻ የመደበ ፕሮግራም የመጨረሻዋን «ስ» ይሰብራታል። ጃቫና ፓይተን 3 ግን በትክክል 8 ይላሉ። ጃቫ የዓይነት ስሕተትን ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ስለሚይዝ ለትልልቅ ሥርዓቶች ይመቻል፤ ጽሑፉ ግን ይረዝማል። ፓይተን አጭርና ለጀማሪ ቀላል ነው፤ በፍጥነት ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ወደ ኋላ ይቀራል።

ሦስቱም በራሳቸው የማይፈቱት ችግር አለ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእነርሱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የአንዲት ተማሪ ስም በሁለት መዝገብ በተለያየ ፊደል ቢጻፍ፣ ማሽኑ ሁለት ሰው ያደርጋታል። ይህን የሚያቃናውን ደንብ፣ ፊደሉን የምናውቅ እኛው ልንጽፈው ይገባል። ቋንቋም ስትመርጡ፣ የምታገለግሉትን ሰው ስም አስገብታችሁ ፈትኑት።