ልጅ ነው ወይስ እረኛ?



ዛሬ የምንነጋገረው ያልወለዱትን ልጅ «ልጄ» ብሎ ስለማሳደግ ነው። ነገሩ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ድሮ ጡት ላይ ወይም አውራ ጣት ላይ ማር ተቀብቶ ልጁ ይጠባል፤ ሽማግሌ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ «የጡት ልጅ» ነው። ኦሮሞው ጉዲፈቻ ይለዋል፤ ሕጉም ስሙን ከዚያው ወስዷል። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም ረሃብ ወላጅ ካጡት ልጆች ብዙዎቹ በዘመድና በጎረቤት ቤት አድገዋል።

ታዲያ ልማዱ ካለን ፍርድ ቤት ምን ያደርግልናል? እስቲ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ባልና ሚስት እናስብ። ጎረቤታቸው ሞቶ የሰባት ዓመት ልጁን ወሰዱ። ልጁ ከብት ጠበቀ፣ አረመ፣ አጨደ። አገሩ ሁሉ «የእነ እገሌ ልጅ» ይለዋል። አሥር ዓመት አለፈ፤ ባልም ሚስትም ሞቱ። የሟች ወንድሞች መጡና «እሱኮ እረኛ ነው፤ ልጅ ማን አለው?» አሉ። ማሩን ያዩት ሽማግሌዎች በሕይወት የሉም። ወረቀት የለም። ልጁ ጋቢውንና ዱላውን ይዞ ወጣ።

በ1992 ዓ.ም የወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን በር ይዘጋል። ክልላችንም በ1995 ዓ.ም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በፍርድ ቤት የጸደቀ የጉዲፈቻ ልጅ እንደተወለደ ልጅ ይቆጠራል፤ ከሌሎቹ ልጆች ጋርም እኩል ይወርሳል። ከሥጋ ዘመዶቹ ጋር ያለው ዝምድናም አይቆረጥም። አክስቱን «አክስቴ» እንዳለ ይኖራል።

አሳዳጊ ለመሆን ምን ያስፈልጋል? በ1992ቱ ሕግ ዕድሜ ከ25 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ግን አንዳቸው 25 ከሞላቸው ይበቃል። ያገባ ሰው ብቻውን ተነሥቶ ጉዲፈቻ አያደርግም፤ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። የትዳር ጓደኛውን ልጅ ሲሆን ግን ሌላ ነው። የራሳችሁ ልጆች ቢኖሩም አይከለክልም። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት።

መጀመሪያ የወረዳችሁን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ጠይቁ። ባለሙያ ቤታችሁ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ታዲያ ጎተራው ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ ብሎ ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ልጁ የት ይተኛል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይ ይላል። ቀጥሎ ውል ነው። የሥጋ እናትና አባት በሕይወት ካሉ ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው። አንዱ ከሞተ የሌላው ፈቃድ ይበቃል። ልጁ በማሳደጊያ ድርጅት ያለ ከሆነ ውሉ ከድርጅቱ ጋር ይሆናል። «ልጅ አገኝላችኋለሁ፣ ብር ስጡኝ» የሚል ደላላ ቢመጣ አባርሩት። ልጅ በግ አይደለም።

ውሉ ብቻውን ግን ዋጋ የለውም። ዳኛው ማጽደቅ አለበት። ዳኛው የሚያየው ነገር አንድ ነው፤ ይህ ለልጁ ይጠቅመዋል ወይ? ልጁንም ራሱን ይጠይቀዋል። እኛ «ልጅ ምን ያውቃል» እንላለን። እሱ ግን ማን እንደመታውና ማን እንዳበላው ያውቃል። ጉዲፈቻ አንዴ ከጸደቀ አሳዳጊው «ሰለቸኝ» ብሎ አይመልሰውም። ነገር ግን አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጅ በማሳደግ ፈንታ እንደ ባሪያ ከያዘው ፍርድ ቤት ይሰርዘዋል። ሕጉ ቃሉን እንዲህ በግልጽ ነው ያስቀመጠው። የሌላውን ልጅ ከብት እያስጠበቅን የራሳችንን ወደ ትምህርት ቤት የምንልክ ሰዎች ይህን ቃል ቆም ብለን እናስብበት።

ከመካከላችን ሙስሊም የሆነ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። በሸሪዓ ልጁ በወላጅ አባቱ ስም ይጠራል፤ ወላጅ ያጣን ልጅ ማሳደግ ትልቅ ምንዳ ቢኖረውም በውርስ ድርሻ የለውም። አሳዳጊው ግን እስከ ንብረቱ ሲሶ ድረስ ሊናዘዝለት ይችላል። ይህን የሚመርጥ ሰው ኑዛዜውን ዛሬ በምስክር ያስጽፍ፤ «ልጆቼ አይጨክኑበትም» ብሎ አይተወው።

ከ2010 ዓ.ም ወዲህ የውጭ አገር ሰው የኢትዮጵያን ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስድ አዋጅ ቁጥር 1070 ከልክሏል። ስለዚህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ወላጅ ያጣ ልጅ በጉዲፈቻ ቤት የሚያገኘው እዚሁ አገር ውስጥ ነው።

ውሳኔውን ስትቀበሉ ግልባጩን ይዛችሁ ወደ ቀበሌ ሂዱና አስመዝግቡ። ጉዲፈቻም እንደ ልደትና እንደ ጋብቻ ይመዘገባል። አንዱን ግልባጭ አይጥ በማይደርስበት ሣጥን አስቀምጡ። ሌላውን ለልጁ አክስት ስጧት።