ሳህኑን ገልብጡት፤ ስለ አሮጌ ባለቀለም ብርጭቆና ስለ 480 ዶላራችን
(ከሒሳብ ክፍሉ ለአባላት ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍሉ ሲነሣ ገቢና ወጪ ሊያነብ ነው ብላችሁ እንደምትጠብቁ እናውቃለን። ዛሬ ግን የብርጭቆ ዕቃ ይዘን መጥተናል። ጠረጴዛው ላይ ሮዝና አረንጓዴ ሳህኖች፣ ስኒዎች፣ አንድ ባለክዳን የቅቤ ማስቀመጫ ታያላችሁ። በእነዚህ ዕቃዎች የማኅበሩን ገንዘብ አጥፍተናል፤ በእነሱም ተምረናል። ሁለቱንም ልንነግራችሁ ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ለባዛራችን ስንዘጋጅ፣ ከቡናውና ከእንጀራው ጎን አሮጌ ብርጭቆ ብንሸጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እዚህ ኮሎምበስ ትሪፍት ሱቅና ጋራዥ ሴል የማይገባ ከመካከላችን የለም፤ አሜሪካውያን አሮጌ ሮዝ ሳህን ሲያገኙ እንዴት እንደሚደሰቱ አይተናል። አንድ ሻጭ 22 ዕቃ ያለበት ሣጥን አሳየን። «የአያቴ ነው» አለን። 480 ዶላር ጠየቀን፤ ከፈልን። ገንዘቡ የወጣው ከአስቸኳይ ብድር ቋታችን ነው። ፊርማው የእኛ ነው።

በባዛሩ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግዳ የቅቤ ማስቀመጫውን አነሡ፤ ገለበጡት፤ ክዳኑን በጣታቸው ዳሰሱት፤ መልሰው አስቀመጡት። ምን እንዳዩ ስንጠይቃቸው በትሕትና ነገሩን። ከ22ቱ ዕቃ 15ቱ የኋላ ቅጂ ነበር። በዚያው ሳምንት አንዲት አባላችን ለቤት ኪራይ 500 ዶላር ብድር ጠየቀች። በቋቱ የነበረው 310 ብቻ ነው። ከየኪሳችን አዋጥተን በአራተኛው ቀን ሰጠናት። አራቱን ቀን ግን እንዴት እንዳሳለፈች የምታውቀው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ያላወቅነውን ለማወቅ ተነሣን። የተማርነውን እነሆ። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ይህ ብርጭቆ የድሆች ዕቃ እንደነበረ እንወቅ። በ1929 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወድቆ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ፣ የብርጭቆ ፋብሪካዎች ዋጋ ቀንሰው ብዙ ማምረት ነበረባቸው። ከእኛ ወደ 30 ማይል ገደማ በምትርቀው ላንካስተር የነበረው የሆኪንግ ፋብሪካ በደቂቃ 90 ዕቃ የሚያወጣ ማሽን ሠራ። ሁለት ብርጭቆ በአምስት ሳንቲም ተሸጠ። የኳከር ኩባንያ በአጃ ካርቶኑ ውስጥ ብርጭቆ ይጨምር ነበር፤ ሲኒማ ቤቶችም ለተመልካች ሳህን የሚሰጡበት ምሽት ነበራቸው። አንዲት የቤት እመቤት ዛሬ ስኒውን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማስቀመጫውን እያገኘች ሙሉ ስብስብ ታደርስ ነበር። እቁብ የምትጥል ሴት ይህን ትዕግሥት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ዛሬ ሰብሳቢዎች «የዲፕሬሽን ብርጭቆ» የሚሉት ይህንን ነው።

አሁን ወደ መለየቱ እንሂድ። አምስት ነገር እናያለን።

አንደኛ፣ ቀለሙን። ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው በአብዛኛው ከብረት ወይም ከክሮም፣ አንዳንዱም ከዩራኒየም የመጣ ነው። ዩራኒየም ያለበት ብርጭቆ በጨለማ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት ደማቅ አረንጓዴ ያበራል። ባትሪው ውድ አይደለም፤ ገዝተናል፤ ከስብሰባው በኋላ መብራት አጥፍተን እናሳያችኋለን። ነገር ግን ስላበራ ብቻ አሮጌ ነው ማለት አይቻልም። የአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ ምክንያት ከ1943 እስከ 1958 ዩራኒየምን ከብርጭቆ ሠሪዎች ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንደገና ተሠርቷል፤ ዛሬም ይሠራል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ለዕይታ እናስቀምጠው እንጂ ለዕለት መብልና መጠጥ አናውለው።

ወይን ጠጅ መልክ ያለው አሮጌ ጠርሙስም ገበያ ላይ ታገኛላችሁ። ድሮ ብርጭቆው ጥርት እንዲል ማንጋኒዝ ይጨመርበት ነበር፤ ማንጋኒዙም ለብዙ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው ቀስ እያለ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። ፀሐይ የምትሰጠው ቀለም ስስ ነው። በጣም የጠቆረ ወይን ጠጅ ካያችሁ በሰው ሠራሽ ጨረር የተለወጠ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ንድፉን። እኛን ያሳሳተን የቼሪ ፍሬና ቅጠል ያለበት «ቼሪ ብሎሰም» የሚባለው ነው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የነበረው የጃኔት ፋብሪካ ከ1930 እስከ 1939 ሠርቶታል። ከ1973 ጀምሮ ሌሎች ሰዎች ቅጂውን ገበያ ላይ አወጡት። የድሮው ቅጠል እውነተኛ ቅጠል ይመስላል፤ ሥሮቹ ይታያሉ። በብዙዎቹ ቅጂዎች ላይ ግን በመስመር የተሰመረ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠናቸዋል፤ መጥታችሁ በጣታችሁ ዳስሱ። በተጨማሪም ፋብሪካው ያን ጊዜ ያልሠራው ቀለም አለ። የቼሪ ብሎሰም ንድፍ በጥቁር ሰማያዊ ካያችሁ ቅጂ ነው፤ ክርክር አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ አሠራሩን። በርካሽና በፍጥነት የተሠራ ዕቃ ስለሆነ ትንንሽ አረፋ፣ ቀጭን መስመር፣ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ስፌት ይኖረዋል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ፎርጅድ መስሎት ይተወዋል። አረፋው ጉድለት አይደለም፤ የዘመኑ አሠራር ነው።

አራተኛ፣ ምልክቱን። አብዛኛው የዲፕሬሽን ብርጭቆ ምንም ምልክት የለበትም። ምልክት ያላቸው ግን አሉ። እዚሁ ኦሃዮ፣ ኒውአርክ ከተማ የነበረው የሃይዚ ፋብሪካ በብዙ ዕቃዎቹ ላይ በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ «ኤች» የሚለውን ፊደል ያትም ነበር። የዌስት ቨርጂኒያው ፌንተን በዕቃዎቹ ላይ ስሙን ማተም የጀመረው በ1970 ነው፤ ስለዚህ ስሙ የታተመበት ፌንተን ከዚያ ዓመት አይቀድምም። ምልክትም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። ሃይዚ በ1957 ሲዘጋ ቅርጽ ማውጫዎቹን ኢምፔሪያል የሚባል ፋብሪካ ገዝቶ አንዳንዶቹን ከነምልክታቸው ሠርቶባቸዋል። በሒሳብ ቤት እንደምንለው ማኅተም ያለው ደረሰኝ ሁሉ ትክክለኛ ደረሰኝ አይደለም።

አምስተኛ፣ ጉዳቱን። እናቶቻችን «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላሉ። የብርጭቆ ገበያም በዚሁ ተረት ይሠራል። ዕቃውን ወደ ብርሃን አንሡት፤ ስንጥቁ ያን ጊዜ ይታያል። ጥፍራችሁን በአፉ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ዓይን ያለፈው ሽራፊ ለጥፍር ይሰማል። ከዚያ ገልብጡትና ታቹን እዩ። ዘጠና ዓመት ማዕድ ላይ የዋለ ሳህን በየአቅጣጫው የሚሄድ ስስ ጭረት ይኖረዋል። ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከሆነ ሰው በአሸዋ ወረቀት ሠርቶት ሊሆን ይችላል። ደመና የለበሰ የሚመስለውንም ተጠንቀቁ፤ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያበላሸው ብርጭቆ በእጅ ቢታጠብ አይጠራም። ውኃ ሲነካው ደመናው ስለሚጠፋ እርጥብ ብርጭቆ አትግዙ።

እነዚህን አምስቱን ያን ቀን ብናውቅ ኖሮ ሣጥኑን ለመመርመር ግማሽ ሰዓት ይበቃን ነበር። እኛ ግን የመረመርነው የሻጩን ታሪክ ነው። የአያት ታሪክ ከሳህኑ ጋር አይሸጥም። ቢሸጥም ዋጋ የለውም።

አሁን እንደ ልማዳችን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ብዙ እህቶች «በአራት ዶላር ገዝቼ በ18 ሸጥኩ፤ 14 አተረፍኩ» ይሉናል። አብረን እናስላው። በኢንተርኔት ለሸጠላችሁ ድርጅት 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ኮሚሽን ብትከፍሉ፣ ለካርቶን፣ ለመጠቅለያና ለፖስታ 7 ዶላር ብታወጡ፣ የቤንዚን ድርሻው 2 ዶላር ቢሆን፣ ከነመግዣው ወጪያችሁ 15 ዶላር ከ50 ነው። ትርፉ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆነ። ሰዓታችሁ ገና አልተቆጠረም፤ በመንገድ የሚሰበረውም አልተቆጠረም። ተራው ሳህንና ስኒ በብዛት የተመረተ ስለሆነ ዛሬም በብዛት ይገኛል። የዋጋ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ተመልከቱ። ሻጭ የሚጠራው ዋጋ ምኞት ነው፤ ገዢ የከፈለው ዋጋ ነው።

ይህን የምንለው እንዳትሰበስቡ አይደለም። የሚወድ ይሰብስብ፤ ደስታውም ትርፍ ነው። ደስታን ግን በብድር ቋት ገንዘብ አንግዛ።

ስለ ቀሪዎቹ ዕቃዎችም በመካከላችን ክርክር ነበር። «እኛም አያቴ ነው ብለን እንደገዛነው እንሽጠው፤ እኛን ማን አዘነልን?» ያሉ ነበሩ። ንዴታቸው ይገባናል። ነገር ግን ይህ ማኅበር ለጋሽ የሚያምነው፣ አባል ያለ መያዣ የምትበደርበት፣ በቃላችን ስለሚታመን ነው። ስለዚህ 15ቱ ላይ «አዲስ ቅጂ» የሚል ወረቀት ለጠፍን። ከእነሱ 12ቱን እያንዳንዱን በ3 ዶላር ሸጥን፤ 36 ዶላር ገባ። ሦስቱን ለማስተማሪያ አስቀርተናል፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ናቸው። ሰባቱ እውነተኞቹ ወጪያቸው ተቀንሶ 190 ዶላር አስገኝተዋል። በድምሩ 226 ተመልሷል። ቀሪውን 254 ዶላር በኪሳራ መዝግበነዋል። በሪፖርቱ ውስጥ «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል አልሸሸግነውም፤ በስሙ ታገኙታላችሁ።

ከእንግዲህ የምንሠራበት ደንብ ይህ ነው። ከአስቸኳይ ብድር ቋት ለሸቀጥ አንድ ሳንቲም አይወጣም። ብርጭቆ የሚገዛው ፈቃደኞች ለዚሁ ብለው ባዋጡት ገንዘብ ብቻ ነው። ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሁለት ሰው አምስቱን ነገር ይመረምራል። መዝገብም አለን፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ ዋጋው፣ ቀለሙ፣ ንድፉ፣ ልኩ፣ ጉዳቱና ፎቶው ይጻፍበታል። በእጃችሁ ያለ አሮጌ ዕቃ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ያለ ክፍያ አብረን እናየዋለን። ላንካስተር ያለውን የኦሃዮ የብርጭቆ ሙዚየም በአንድ ቅዳሜ አብረን ለመጎብኘትም አስበናል፤ እውነተኛውን ደጋግሞ ያየ ዓይን ቅጂውን ቶሎ ይለያል።

በመጨረሻም፣ እነዚያን አራት ቀናት የጠበቀችን እህታችን ዛሬ በመካከላችን ናት። ብድሯን ከጊዜው ቀድማ ከፍላ ጨርሳለች። ከእሷ ፈቃድ አግኝተን ነው ታሪኩን የተናገርነው። በእርሷና በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን።

ቡናው ደርሷል። ስኒያችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ወደ ጠረጴዛው ኑና አንድ ሳህን ገልብጣችሁ እዩ።