ደብዳቤ የሚያግዱ ጥቃቅኖች
(በማኅበራችን የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ምሽት የምንናገረው ፕሮቲን ስለማይሆኑት አር ኤን ኤዎችና በልብ፥ በሳምባና በጡንቻ ሕመም ስላላቸው ድርሻ ነው። የሕግና የምሕንድስና ተማሪዎች ከወዲሁ በሩን እንዳትመለከቱ እንለምናለን፤ ልብና ሳምባ የሌለው ተማሪ በመካከላችን የለምና። ዘመኑን የምንቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እንደሚታወቀው፥ ሴል ፕሮቲን የሚሠራው በዲ ኤን ኤ ላይ በተጻፈው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ወደ አር ኤን ኤ ይገለበጥና እንደ ደብዳቤ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው ይላካል። ነገር ግን ከሰው ዲ ኤን ኤ ውስጥ የፕሮቲን ትእዛዝ የያዘው ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው «ጥራጊ» እስከ መባል ደርሶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ስንቱ በውነት ሥራ እንዳለው ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ሁሉን በጅምላ ጥራጊ ማለት ግን ችኮላ ነበር።

ችኮላውን ያጋለጠችው አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ትል ናት። በ1993 ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን በዚህች ትል ውስጥ በ22 ፊደል ብቻ የተጻፈች አር ኤን ኤ፥ ራሷ ፕሮቲን ሳትሆን፥ የሌላውን ጂን ደብዳቤ ስታግድ አገኙ። ብዙ ሰው የትል ነገር ነው ብሎ ተወው። በ2000 የራቭከን ቡድን ሁለተኛይቱን በሰው ውስጥ ጭምር ባገኘ ጊዜ ግን ዓለም ዞር ብሎ አየ፤ ሁለቱም በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እነዚህ ጥቃቅኖች ማይክሮ አር ኤን ኤ ይባላሉ። እንደ እልፍኝ አስከልካይ ናቸው፤ ደብዳቤው ደርሶ ሳለ በር ላይ ያግዱታል፥ አንዳንዴም ያስቀድዱታል።

ኃይላቸውን ለማየት ቴክሰል የሚባለውን የሆላንድ በግ እንመልከት። ይህ በግ ጡንቻው እጅግ የደነደነ ነው። በ2006 እንደ ተገለጠው፥ የጡንቻን እድገት የሚገታው ጂን ደብዳቤ ጭራ ላይ፥ ፕሮቲን በማይሆነው ክፍል፥ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። በዚህች ፊደል ምክንያት በጡንቻ ውስጥ የሞሉት ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ደብዳቤውን ይዘው ያስቀሩታል፤ ገቺው ሲያንስ ሥጋው ይበዛል። ሥጋ ሻጭ ይደሰታል፤ ሐኪም ግን ሊፈራ ይገባዋል። በአንዲት ፊደል ይህን ያህል ከሆነ፥ በልብ ላይስ?

በልብም ታይቷል። 208 የሚል ቁጥር የተሰጠው ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚገኘው ልብ በሚኮማተርበት የፕሮቲን ጂን ውስጥ፥ ተቆርጦ በሚጣለው ክፍል ነው። በ2007 በቴክሳስ ይህ የሌላቸው አይጦች ልባቸው ላይ ጫና ሲበዛባቸው እንደ ሌሎቹ ልባቸው አልወፈረም፥ ጠባሳም አልበዛበትም። በሳምባም እንዲሁ ነው። መነሻው ባልታወቀው የሳምባ መጠባሰስ ሕመም ቁጥር 21 ይበዛል፤ የጠባሳውን ፕሮቲን የሚገታው ቁጥር 29 ያንሳል፤ በሽተኛውም ትንፋሽ ያጥረዋል። ዱሼን በሚባለው፥ ወንዶች ልጆችን በሚያሽመደምደው የጡንቻ ሕመም ደግሞ፥ ከተሰበረው ጡንቻ ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ በደም ምርመራም ይገኛሉ።

እንግዲህ አጋጁን ማገድ ነው መድኃኒቱ፥ የሚል ይኖራል። ችግሩ አንዱ ማይክሮ አር ኤን ኤ በመቶ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎችን የሚጠብቅ መሆኑ ነው፤ ለልብ የታሰበው ጉበትን ሊነካ ይችላል። ለካንሰር የተሞከረ አንድ መድኃኒት በ2016 በበሽተኞች ላይ ብርቱ ጉዳት ስላመጣ ሙከራው ቆሟል። በ2021 ደግሞ ቁጥር 132ን የሚያግድ መድኃኒት በ28 የልብ ድካም ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ታትሟል፤ ያ ግን በመጀመሪያ ደረጃ ደኅንነቱን ለመመርመር ነበር፥ ፈውስ ተገኘ ለማለት አይደለም።

«በአገራችን የልብ ክፍል የሚተኛው ልጅ በጉሮሮ ቁስል መዘዝ የታመመ ነው፤ ይህ ሁሉ ለማን ነው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጥያቄው የሚገባ ነው። ለዚያ ልጅ የሚያስፈልገው ጉሮሮው በታመመ ጊዜ ፔኒሲሊን ነበር፤ ማንም በማይክሮ አር ኤን ኤ ስም ፔኒሲሊኑን እንዲያዘገይ አንፈቅድም። ይሁን እንጂ ከልጁ አጠገብ በደም ግፊት ብዛት ልባቸው የወፈረ አዛውንት ተኝተዋል። የእርሳቸው ልብ ለምን እንደ ወፈረ የሚመረምር ሰው ከዚህ አዳራሽ ቢወጣ እንወዳለን። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጃችሁን አንሡ።