ልጃችን በምን ይናገር?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ባለፈው ስብሰባ «አፉን ላልፈታ ልጅ የትኛው የመናገሪያ መሣሪያ ይሻላል?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁ ዛሬ ስለዚያው ልናገር ነው። ቡናው እስኪፈላ እጨርሳለሁ።

ብዙዎቻችሁ በሆዳችሁ የያዛችሁትን አስቀድሜ ላንሳ። «መሣሪያውን ከለመደ ጭራሽ መናገሩን ይተዋል» የሚል ስጋት አለ፤ አያቶች ደግሞ አጥብቀው ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በጥንቃቄ ያያቸው 27 ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ በመሣሪያ ወይም በምልክት መግባባት በመጀመሩ ንግግሩ የቀነሰበት አንድም አልተገኘም፤ አብዛኞቹ እንዲያውም ጥቂትም ቢሆን ጨምረዋል።

ምርጫው ከልጁ አካል ይጀምራል። ጣቱ የሚታዘዝለት ልጅ አይፓድ ላይ ሥዕል እየነካ ማናገር ይችላል። እጁ እንቢ ያለው ደግሞ በዓይኑ የሚያዝዘው መሣሪያ አለ። እንደ ፕሮሎኮቱጎ ያለው አፕ ብቻውን በመቶዎች ዶላር ይሸጣል፤ በዓይን የሚታዘዘው ሺዎችን ይጠይቃል። ስለዚህ የንግግር ባለሙያ ሳያየው፣ ልጁም ለጥቂት ሳምንታት ሳይሞክረው ከኪሳችሁ አትግዙ። እዚህ አሜሪካ በየስቴቱ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለሙከራ የሚያውስ ፕሮግራም አለ።

ከዚያ ቃላቱን እዩ። ሻጩ ሲያሳያችሁ ሙዝ፣ ጁስ፣ ሽንት ቤት እያለ ይጫናል። እናንተ ግን «አልፈልግም» የሚለው የት ነው? «አመመኝ»፣ «ተወኝ»፣ «መታኝ» የሚሉትስ? ብላችሁ ጠይቁ። ጁስ ፈልጎ እጁን የሚዘረጋ ልጅ ያለ መሣሪያም ይገባችኋል። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ቢጎዳው ግን ማታ ለእናቱ የሚነግርበት ቃል ከሌለው ምን ይሆናል? ለእኔ መሣሪያ የሚመዘነው በዚህ ነው። የቁልፎቹ ቦታ እንዳይቀያየርም ተጠንቀቁ፤ ልጁ ቃሉን የሚያገኘው እኛ በጨለማ ማብሪያውን እንደምናገኘው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ቋንቋ። ከትምህርት ቤት የሚመጣው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ «ስጠኝ» ለማለት አንድ ቃል ለሁሉም ይበቃል። እኛ ግን ለእናት ስጪኝ፣ ለአባት ስጠኝ፣ ለአያት ይስጡኝ ነው፤ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ፕሮግራም ይህን አይገጣጥምም። መፍትሔው ሙሉውን አባባል በድምፅ ቀድቶ አንድ ቁልፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። ብዙዎቹ አፖች ይፈቅዳሉ፤ ከመምረጣችሁ በፊት ግን አረጋግጡ። ልጅቷ ሴት ከሆነች የአክስቷ ልጅ ትቅዳላት፤ የስድስት ዓመት ልጅ በአባቷ ድምፅ «እማዬ» ስትል እንዳንሰማ! ደግሞ «ግራ እንዳይጋባ አማርኛውን ተዉት» ቢሏችሁ አትስሙ። ከአያቱ ጋር በምን ያውራ?

ስለ ክፍያው አጭር ልበል። አይዲኢኤ የሚባለው የፌዴራል ሕግ የልዩ ትምህርት ዕቅድ፣ ማለትም አይኢፒ፣ ሲዘጋጅ ስብሰባው ልጁ መሣሪያ ያስፈልገው እንደሆነ እንዲያይ ያዛል። ዕቅዱ ላይ ከተጻፈ ትምህርት ቤቱ ያቀርባል። ቤት ይዞት እንዲገባ ካስፈለገም እሱን አጽፉ፤ በቃል የተነገረ ተስፋ መምህሯ ስትቀየር አብሮ ይሄዳል። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ታላቅ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ሜዲኬድ ያላቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችም በሕክምና አስፈላጊነቱ ከታመነበት በዚያ በኩል ሊያገኙ ይችላሉ። መጀመሪያ እምቢ ቢሉ ይግባኝ አለ፤ የእምቢታውን ደብዳቤ አትጣሉት።

በዚህ ወር የአይኢፒ ስብሰባ ያላችሁ እህቶች ወረቀቱን ሳትፈርሙ ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት አብረን እናነበዋለን። ድምፅ መቅዳት የምትፈልጉም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጸጥ ያለ ክፍል እናዘጋጃለን።