ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃና የአገራችን ድምፅ

(በዕረፍት ጊዜ በእጃጂ ከተማ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እንድንናገር ርእሱ በተሰጠን ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ለእጃጂ ምኗ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ንግግራችን በሙሉ ለእርሱ መልስ እንዲሆን አስበናል። የምንጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የነገሩን ምንነት እንግለጽ። በተለመደው ሙዚቃ ደራሲው ዜማውን በኖታ ይጽፋል ወይም በቃል ያስተምራል፤ ተጫዋቹም በመሣሪያው ያሰማል። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ግን ደራሲው የሚሠራው በራሱ በድምፁ ላይ ነው። የተቀዳውን ድምፅ ይቈርጠዋል፣ ያዘገየዋል፣ ይገለብጠዋል፤ ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል ከዚያ በፊት ያልተሰማ ድምፅ ያወጣል። ሸክላ ሠሪ ጭቃውን በእጇ እንደምታበጅ እርሱም ድምፅን ያበጃል።

ይህን ሥራ ማን ጀመረው ቢባል፣ ብዙዎች በ1948 በፓሪስ የባቡር ድምፅ ቀድቶ ሙዚቃ ያደረገውን ፒየር ሼፈርን ይጠራሉ። ነገር ግን ከዚያ 4 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1944፣ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብፃዊ ወጣት በካይሮ ከአንድ ራዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅጃ መኪና ተውሶ፣ ተሸፋፍኖ ወደ ዛር ሥርዓት ገብቶ የሴቶቹን ዜማ ቀዳ። ከዚያም በጣቢያው ውስጥ መሠረታዊውን ድምፅ እየቀነሰ፣ የገደል ማሚቶ የመሰለውን እያበዛ፣ ከዜማው ጥላው ብቻ የቀረ የሚመስል ሥራ አወጣ። ዛር ደግሞ ከኢትዮጵያ እስከ ሱዳንና ግብፅ የታወቀ ነው። እንግዲህ የፈረንጅ ነው የምንለው ሙዚቃ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የተገኘው ለእኛ እንግዳ ካልሆነ የከበሮና የጭብጨባ ቤት ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሐሊም በኒውዮርክ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማእከል ከሠራ በኋላ በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1964 አስተማረ። በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ከዚያ በፊት በገና ለጸሎት፣ ዋሽንት ለእረኛ፣ ማሲንቆ ለአዝማሪ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በየቦታው ይኖር ነበር፤ በአንድ መድረክ አስማምቶ ማጫወት ራሱ ትልቅ ሙከራ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ዐዋቂ ሆኖ ሳለ ማሲንቆን በመኪና አልተካውም። አገሩን እየዞረ አዳመጠ፣ ቀዳ፣ ከዚያ በኋላ አቀናበረ።

ከእርሱ ወዲህ መንገዱ አልተዘጋም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ መኪና ጋር አዋሕዶ ካሴት አወጣ፤ ካሴቱም በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰማ። ሙላቱ አስታጥቄ ከ2007 እስከ 2008 አሜሪካ ውስጥ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ በነበረ ጊዜ ክራርን በኤሌክትሮኒክ ጥበብ ስለ ማሻሻል ሠራ። ከወጣቶቹም እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የአገር መሣሪያን ድምፅ በኮምፒዩተር አዲስ መልክ ሰጥተውታል፤ የሚካኤል «ዘላለም» በ2016 ወጥቷል።

«ነገር ግን ኤሌክትሪክ የባለ ማሲንቆን እንጀራ አልቀማም ወይ?» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፤ ቀምቷል። አንድ ኪቦርድ በገባበት ሠርግ ማሲንቆውም ከበሮ መቺውም ደጅ ይቀራሉ። ሆኖም መለየት የሚገባን ነገር አለ። የሠርጉ ኪቦርድ የሰውን ቦታ ይወስዳል፤ የምንናገርለት ሙዚቃ ግን የሰውን ድምፅ ካላዳመጠ ከቶ ሊጀመር አይችልም። ጥፋቱ በመኪናው ሳይሆን ማዳመጥን በተወው እጅ ነው።

አሁን ወደ እጃጂ እንመለስ። ከአምቦ ወደ ነቀምት የሚያልፈው የጭነት መኪና፣ የወፍጮው ጩኸት፣ የገበያው ሁካታ፣ ሽማግሌዎች ጀግንነታቸውን የሚያወሱበት ገራርሳ፣ እናቶች ልጅ የሚያባብሉበት እሹሩሩ፣ ይህ ሁሉ በየዕለቱ በጆሮአችን ያልፋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የራሳችንን አንሰማውም። አንድ ገራርሳ ዐዋቂ ሳይቀዳ ባረፈ ቍጥር፣ ነገ ማንም ደራሲ በምንም መኪና ሊመልሰው የማይችል ድምፅ አብሮት ይቀበራል። ሐሊም መቅጃ ለማግኘት መዋስ ነበረበት፤ የእኛ ግን በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ አለ።

ስለዚህ አንድ አሳብ እናቀርባለን። እያንዳንዳችን ከዚህ ዕረፍት ስንመለስ ከየቀያችን አንድ ድምፅ ቀድተን እንምጣ። ነገር ግን ተሸፋፍነን አንግባ። ያን የካይሮ ዜማ ያሰሙት ሴቶች ስማቸው ከሥራው ጋር አይጠራም፤ የሐሊም ስም ብቻ ይጠራል። እኛ ፈቃድ እንጠይቅ፤ የባለ ዜማውን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን እንጻፍ፤ የቀዳነውንም መልሰን ለራሱ እናሰማው። ማኅበራችንም አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ እንዲቀመጥ ይጠይቅልን። ከዚያ በኋላ ከመካከላችን ቈርጦ የሚቀጥል፣ አዘግይቶ የሚያስተጋባ ደፋር ቢነሣ፣ የሚሠራበት ጭቃ ከአገሩ አፈር ይሆናል።