ላሟን ከጨጓራ አሲድ እንጠብቅ



በዳንግላም በእንጅባራም ወተት እንዲጨምር ብለን ለላሟ የበቆሎ ዱቄት በአንዴ አብዝተን የምንሰጥ አለን። ዱቄቱ በጨጓራዋ እንደ ሊጥ ቶሎ ይቦካና አሲድ ይበዛል። ያኔ ማመስኳት ትተዋለች፣ ያስቀምጣታል፣ ወተቷ ይቀንሳል፤ ሲብስም ትሞታለች።

ስለዚህ ድርቆሽ ይቅደም፤ ስታመሰኳ የምትውጠው ምራቅ አሲዱን ያበርዳልና። ዱቄቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እንጨምር፣ የቀኑንም ከፋፍለን እንስጥ። ብዙ ዱቄት ለምትበላ ትልቅ ዲቃላ ላም በቀን 150 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ ከመኖው ጋር ይደባለቃል። አሞሌ ጨው ያስፈልጋታል፤ አሲድ ግን አያበርድም።

እህል ሰርቃ የበላች ላም ካለች ሳናድር የእንስሳት ሐኪም እንጥራ። ላሟ ከሞተች የልጆች ደብተርም፣ የቁጠባ መዋጮአችንም አብሮ ይቀራልና።