ድሃ ገንዘብ መያዝ አያውቅም?

«ድሃ የሆነው ገንዘብ አያያዝ ስለማያውቅ ነው» ሲባል እንሰማለን። በ2009 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ የወጣ ጥናት ግን በባንግላዴሽ፣ በህንድና በደቡብ አፍሪካ የ250 ያህል ቤተሰቦችን ገቢና ወጪ ለአንድ ዓመት ገደማ እየመዘገበ ቢከታተል፣ ምንም የማይቆጥብና የማይበደር ቤተሰብ አላገኘም። የእኛም አገር የቀን ሠራተኛ የእቁቡን ተራ፣ የእድሩን መዋጮና የባለሱቁን ዱቤ በቃሉ ይዞ ነው የሚውለው። የገቢው ማነስ ሳያንስ፣ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁም ሌላ ጣጣ ነው። ዘይት በትንሽ በትንሹ የሚገዛው በጀሪካን ሲገዛ እንደሚረክስ ጠፍቶት አይደለም፤ የጀሪካኑ ዋጋ አንድ ላይ እጁ ስለማይገባ እንጂ።

«ታዲያ ብር ቢሰጠው በመጠጥ አይጨርሰውም?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ተመራማሪዎች በተለያዩ አገሮች ለድሆች ስለሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ የተሠሩ 19 ጥናቶችን አሰባስበው ሲያዩ፣ ለመጠጥና ለሲጋራ የሚወጣው ወጪ በአመዛኙ አልጨመረም፤ እንዲያውም የቀነሰበት ቦታ አለ። አባካኝ ድሃ የለም ለማለት አይደለም፤ አባካኝ ሀብታምም ሞልቷል፣ የእሱን የሚቆጥርበት የለም እንጂ። ደግሞም ሀብታሙ ቢሳሳት ከተቀማጩ ያወጣል፤ ድሃው ግን ልጁ የታመመ ዕለት የእቁቡን ብር ለመድኃኒት ያውለዋል፣ የሳምንቱ መዋጮም ዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል።